ከኋላው ማን ቆሟል? ስለ ያያ ቱሬ ጥያቄና መልስ

ስለ ኮትዲቯራዊው አማካይ ያያ ቱሬ የእግር ኳስ ሕይወት የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነዚህ ናቸው። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ አርሰናል በእጁ ገብቶለት ለቀቀው የሚባለው እውነት ነው ወይስ የደጋፊ ወሬ?

መ፦ እውነት ነው። በ2003 ክረምት ለሙከራ መጥቶ ከባርኔት ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ተሰልፏል። ያሰለፉት ግን ከአጥቂው አጠገብ ስለነበር ያን ቀን ያሳየው ነገር አልነበረም። የአርሰናሉ አሠልጣኝ ቬንገር እንደ አማካይ አይተውት ቢሆን ኖሮ የሚለውን ክርክር ለእናንተ ልተወው፤ በሩን የዘጋው የሥራ ፈቃዱ ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ተጫዋች ባለፉት ሁለት ዓመታት ብሔራዊ ቡድኑ ካደረጋቸው የውድድር ጨዋታዎች 75 በመቶውን ተጫውቶ እንዲገኝ ይጠይቃል። ቱሬ ለዝሆኖቹ (ለኮትዲቯር ብሔራዊ ቡድን) የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ2004 ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የሚጻፍለት ምንም አልነበረውም።

ጥ፦ ቆይ፣ የአቢጃን ልጅ መጀመሪያ ቤቬረን የሚባል ትንሽ የቤልጅየም ክለብ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?

መ፦ ክሩን የያዘው ዣን ማርክ ጊዩ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1990ዎቹ አቢጃን ላይ የአሴክ ሚሞዛ ክለብን አካዳሚ ያቋቋመው እሱ ነው። ታዳጊዎቹ በባዶ እግራቸው ይሠለጥናሉ፤ ጫማ የሚሰጠው ኳስ በማንጠባጠብ ፈተና ላለፈ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ኳሷን በጫማ ጫፍ የሚመታ ልጅ ጫማውን ስታወልቅበት ያመዋል፣ ስለዚህ በእግሩ ውስጠኛና የላይኛ ክፍል መንካት ይለምዳል። ጊዩ በ2001 ወደ ቤቬረን ሲሄድ ልጆቹንም ይዞ ሄደ። ቤልጅየም ያኔ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ተጫዋቾች የቁጥር ገደብ ስላልነበራት ቤቬረን ሜዳ ላይ ከሞላ ጎደል የኮትዲቯር ቡድን ሆኖ የታየበት ጊዜ አለ። ኮትዲቯራውያኑ ኤቡዌና ጀርቪኞም በዚያው በር ነው ያለፉት።

ጥ፦ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ባጭሩ።

መ፦ ሜታሉርግ ዶኔትስክ (ዩክሬን)፣ በ2005 ኦሊምፒያኮስ፣ እዚያ ሊጉንና ዋንጫውን በአንድ ዓመት፣ በ2006 ሞናኮ፣ በ2007 ባርሴሎና፣ በ2010 ማንቸስተር ሲቲ። በ2018 ወደ ኦሊምፒያኮስ ተመልሶ ጥቂት ወራት ብቻ ቆየ፤ በ2019 በቻይና ሁለተኛ ዲቪዚዮን ከቺንግዳዎ ጋር ጨረሰ።

ጥ፦ ባርሴሎና ላይ ተከላካይ ነበር፣ ሲቲ ላይ አጥቂ መሰለ። ትክክለኛ ቦታው የቱ ነው?

መ፦ ከሁሉም ጥያቄ ይኼኛው ይበልጣል፤ መልሱም ከኋላው ማን እንደቆመ ይወሰናል። ባርሴሎና ላይ ከኋላው ሌላ አማካይ አልነበረም። ከአራቱ ተከላካዮች ፊት ብቻውን የሚቆም፣ ዣቪና ኢኒየስታ ወደ ፊት ሲሄዱ ቤት የሚጠብቅ ነበር። ያ ሰው ሮጦ የተጋጣሚ ሳጥን ውስጥ ከገባ መሐሉ ባዶ ይቀራል፤ ስለዚህ አይሄድም። በ2009 የሻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሮም ላይ ጭራሽ የመሐል ተከላካይ ሆኖ ከፒኬ ጎን ተሰለፈ። አልቬስና አቢዳል ተቀጥተዋል፣ ማርኬዝ ተጎድቷል፣ ፑዮል ወደ ቀኝ ወጥቷል፣ የቀረው እሱ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ቡስኬትስ ግን ያን ቀን በአማካይ ስፍራ ላይ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ቦታውን ጠቅልሎ ወሰደው።

ሲቲ ደግሞ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያመጣው ተከላካይ አማካዮቹ ዴ ዮንግና ጋሬዝ ባሪ ነበሩት። ሁለት ጠባቂ ከኋላ ሲቆም ሦስተኛው ሰው ነፃ ነው። የዚያው ሰው ግብ ከዚህ በኋላ መቁጠር ተጀመረ፤ በ2011 የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ዩናይትድን 1 ለ 0፣ በፍጻሜው ስቶክ ሲቲን 1 ለ 0፣ ሁለቱንም ያገባው እሱ ነው። ሲቲ ትልቅ ዋንጫ ሳያነሳ 35 ዓመት ቆይቶ ነበር።

ጥ፦ የኒውካስሉ ቅያሪ እየተባለ የሚነሳው ምንድን ነው? ያን ጨዋታ አላየሁትም።

መ፦ ግንቦት 6 ቀን 2012፣ ሊጉ ሊያልቅ ሁለት ጨዋታ ቀርቷል። ሲቲና ዩናይትድ በነጥብ እኩል ናቸው፤ የለያቸው የግብ ክፍያ ነው። ኒውካስል ሜዳ ላይ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ 0 ለ 0። የሲቲው አሠልጣኝ ማንቺኒ ናስሪን አስወጥቶ ዴ ዮንግን አስገባ። ግብ እየፈለጉ አጥቂ አማካይ አስወጥቶ ጠባቂ ማስገባት ለተመልካች ግራ ነው። ዓላማው ግን ዴ ዮንግ ሳይሆን ቱሬ ነበር፤ ጠባቂው ሲገባ እሱ ወደ ፊት ተገፋ። በ70ኛው ደቂቃ ከሳጥኑ ጫፍ በእግሩ ውስጠኛ ክፍል ወደ ጥግ አስገባ፤ በ89ኛው ደገመ። ከሳምንት በኋላ ዋንጫውን ያስገኘው፣ ሁሉም የሚያስታውሰው የአግዌሮ ግብ መጣ። ለእኔ ግን ዋንጫው የተያዘው ኒውካስል ላይ ነው።

ጥ፦ አማካይ ሆኖ 20 የሊግ ግብ እንዴት ይገባል?

መ፦ በ2013/14 ነው። በፕሪሚየር ሊግ ከእሱ በፊት ያን ያህል ያገባ አማካይ ላምፓርድ ብቻ ነበር። ምክንያቱ አንድ አይደለም። አማካዩ ፈርናንዲኞ መጥቶ ከጎኑ የሁለት ሰው ሩጫ ሮጠለት። ፍፁም ቅጣት ምትና ቅርብ ቅጣት ምት የእሱ ሆነ፤ በፕሪሚየር ሊግ ሕይወቱ 11 ፍፁም ቅጣት ምት መትቶ 11ዱንም አግብቷል። ሦስተኛውን ምክንያት ሰዎች ይረሱታል፤ የአፍሪካ ዋንጫ ወደ ጎደሎ ዓመት ስለተዛወረ በጥር 2014 ውድድር አልነበረም። በ2012 ጥር ከወንድሙ ከኮሎ ጋር ሄዶ ሲቲ ያለ እነሱ በሊግ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ለሊቨርፑል ተሸነፈ። በ2014 ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበር።

ኳስ የሚመታበትን መንገድ ለማየት የዚያኑ ዓመት የሊግ ካፕ ፍጻሜ ከሰንደርላንድ ጋር ክፈቱ። ሲቲ 1 ለ 0 እየተመራ ነው። ዛባሌታ ኳሷን ወደ ኋላ ይሰጠዋል፣ ርቀቱ ከ25 ሜትር በላይ ነው። አላስቆማትም፣ እግሩንም ወደ ኋላ አልዘረጋም፤ ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ በውስጠኛው ጎን ጠረጋት ማለት ይሻላል። ግብ ጠባቂው ማኖኔ ሲዘል ኳሷ ወደ ላይኛው ጥግ ታጥፋ ገብታለች። እግር የማይነሳበት ምት ለግብ ጠባቂ ምልክት አይሰጥም፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ጥ፦ እኔ ደጋፊው አይደለሁም። ኳስ ሲጠፋ እየተራመደ ይመለስ ነበር። ይኼን ለምን አትነግረንም?

መ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ አልከራከርህም። በአሠልጣኝ ፔሌግሪኒ ጊዜ የሲቲ መሐል ላይ ሁለት ሰው ብቻ ይቆም ነበር። በሊግ ይበቃል፤ ሦስት ጥሩ አማካይ ላለው ቡድን ግን አይበቃም። ጥቅምት 2013 ባየርን ወደ ሲቲ ሜዳ ኤቲሃድ መጥቶ 3 ለ 1 ያሸነፈው በዚሁ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ነፃ ሰው ነበራቸው። ጨዋታ ስታይ ኳሷን አትከተል፤ ሲቲ ኳስ ባጣ ቅጽበት የቱሬን የመጀመሪያ ሦስት እርምጃ ተመልከት። ወደ ራሱ ግብ ከዞረ ቡድኑ ደህና ነው። እጁን አንስቶ ከቆመ ፈርናንዲኞ ብቻውን ቀርቷል።

ጥ፦ የሰፈር ቡድን አሠለጥናለሁ። 1 ሜትር ከ85 የሚሆን ጉልበተኛ አማካይ አለኝ። ስድስት ቁጥር (ከተከላካዮች ፊት የሚቆም) ላድርገው ስምንት (ወደ ፊት የሚሄድ)?

መ፦ ቁመቱን ተወው። ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል ይዞራል ወይስ ወደ ኋላ ይመልሳል? የሚዞር ከሆነ ስምንት ቁጥር ይሞከር፤ ግን መጀመሪያ ከጎኑ የማይሄድ ሰው አግኝለት፣ ያለዚያ ሁለቱም ወደ ፊት ሄደው በመልሶ ማጥቃት ትበላላችሁ። የሚመልስ ከሆነ ስድስት ይሁን። በየልምምዱ አምስት ለሁለት ክበብ (አምስቱ ይቀባበላሉ፣ ሁለቱ መሐል ሆነው ይነጥቃሉ) በሁለት ንክኪ አሠራውና ጭንቅላቱን ከኳሷ በፊት ማንሳቱን ቁጠር። ትልልቅ ልጆች በታዳጊነታቸው በጉልበት ስለሚያልፉ ይኼን ሳይማሩ ያድጋሉ፤ 18 ሲሞላቸው እኩዮቻቸው ይደርሱባቸዋል።

ጥ፦ ለብሔራዊ ቡድኑስ ምን ሠራ?

መ፦ በአፍሪካ ዋንጫ ሁለት ፍጻሜ በመለያ ምት ተሸነፈ፤ በ2006 ካይሮ ላይ በግብፅ፣ በ2012 ሊብረቪል ላይ በዛምቢያ 8 ለ 7። የ2012ቱ ይከፋል፤ ዝሆኖቹ በውድድሩ አንድም ግብ ሳይገባባቸው ዋንጫውን አጡ። በ2015 አምበል ሆኖ ባታ ላይ ጋናን በመለያ ምት 9 ለ 8 አሸነፉ። አሠልጣኙ ሬናር ነበር፣ በ2012 በዛምቢያ በኩል ያሸነፋቸው ራሱ። የመጨረሻዋን የመታው ግብ ጠባቂው ቡባካር ባሪ ነው፤ እሱም የአሴክና የቤቬረን ልጅ።

ጥ፦ ዋልያዎቹ ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1 ሲያሸንፏቸው ነበር?

መ፦ አልነበረም። ያ ኅዳር 2019 ነው፤ እሱ ከብሔራዊ ቡድን የተሰናበተው በመስከረም 2016 ነው።

ጥ፦ ከአሠልጣኙ ከጓርዲዮላ ጋር የተጣላው በኬክ ነው?

መ፦ ሲቲ ልደቱን ችላ አለ የሚለው የኬክ ወሬ የ2014 ነው፣ ጓርዲዮላ ገና ሲቲ አልደረሰም። በ2016 ጓርዲዮላ ከሻምፒየንስ ሊግ ዝርዝር አስቀረው፣ ወኪሉ በአደባባይ ተናገረ፣ አሠልጣኙም ይቅርታ ካልተጠየቀ አይጫወትም አለ። ቱሬ ራሱ በኅዳር ይቅርታ ጠየቀ፤ በተመለሰበት ጨዋታ ክሪስታል ፓላስን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ሁለቱንም አገባ። በ2018 ከወጣ በኋላ ጓርዲዮላ ከአፍሪካውያን ጋር ችግር አለበት ብሎ ተናገረ፤ ጓርዲዮላ አስተባበለ።

ጥ፦ 42 ቁጥር ምን ትርጉም አለው?

መ፦ ባርሴሎና 24 ይለብስ ነበር። ሲቲ ሲደርስ 24ን ፓትሪክ ቪዬራ ይዞታል። ገልብጡት።

ጥ፦ የአፍሪካ ምርጥ አማካይ እሱ ነው?

መ፦ ከ2011 እስከ 2014 የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋችነትን በተከታታይ አራት ጊዜ የወሰደ ከእሱ በፊት አልነበረም። በኳስ ጥበብ የናይጄሪያውን ኦኮቻን፣ በመከላከል የጋናውን ኤሲየንን አስቀድማለሁ። ከተከላካይ መሐል ተነስቶ እስከ ተጋጣሚ ሳጥን ሁሉንም ቦታ በትልቅ ጨዋታ የተጫወተ ግን ሌላ አላውቅም።

ጥ፦ አንድ ጨዋታ ብቻ ምረጥልን።

መ፦ የ2009 የኮፓ ዴል ሬይ (የስፔን ዋንጫ) ፍጻሜ፣ ባርሴሎና ከአትሌቲክ ቢልባዎ፣ ሜስታያ ስታዲየም። ቢልባዎ 1 ለ 0 እየመራ ነው። ቱሬ ከመሐል ኳስ ይዞ ይነሳል፣ የሚገጥመውን እያለፈ ይሄዳል፣ ከሳጥኑ ውጭ ይመታል፣ 1 ለ 1። ባርሴሎና 4 ለ 1 አሸነፈ። ቀኑ ግንቦት 13 ነው፣ 26ኛ የልደት ቀኑ። ሲቲ በአግዌሮ ግብ ዋንጫ ያነሳበትም ግንቦት 13 ነው፤ ያን ቀን ለዛባሌታ ግብ ኳሷን ካቀበለ በኋላ ተጎድቶ ከእረፍት በፊት ወጣ። የተካው ዴ ዮንግ ነበር።