«ኃይል» ወይስ «ጉልበት»? ለአንዲት የፊዚክስ አስጠኚ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው የመጣው ከአራት ኪሎ ነው። ጠያቂዋ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ፊዚክስና ኬሚስትሪ ያስጠናሉ። እንዲህ ይላሉ፦ «ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ልጆቹ ነገሩ የሚገባቸው በአማርኛ ሳስረዳቸው ነው። ግን ፎርስንም፣ ኢነርጂንም፣ ፓወርንም ኃይል ስላቸው ይምታታባቸዋል። ምን ልበል? ኮምፓውንድንስ ውሁድ ማለት ልክ ነው?»

ይሄ እኔን ሲያንገበግበኝ የኖረ ጉዳይ ነው። ቃል አጥተን አይደለም የተቸገርነው። ቃሉ እያለን ሁሉንም በአንድ «ኃይል» ጠቅልለን ስለምንናገር ነው። ፎርስ በኒውተን ይለካል፣ ኢነርጂ በጁል፣ ፓወር በዋት። መለኪያቸው የተለያየ ነገሮች ስማቸውም መለየት አለበት።

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፦ ፎርስን ጉልበት፣ ኢነርጂን ኃይል፣ ፓወርን አቅም ይበሏቸው።

«ኃይል» ከግእዝ የመጣ ነው፣ በብዙኃኑ ኀ የሚጻፍ። በግእዝም ቢሆን ጠባብ ቃል አልነበረም፤ ብርታትም ነው፣ ሠራዊትም ነው፣ ተአምርም ነው። አየር ኃይልና ግብረ ኃይል የምንለው የዚያ ቅጥያ ነው። እንዲህ ሰፊ የሆነውን ቃል ለሰፊው ነገር መስጠት ይሻላል፤ የፀሐይ ኃይል፣ ታዳሽ ኃይል፣ የኃይል ምንጭ ስንል ደግሞ ኢነርጂ ማለታችን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። «ጉልበት» ግን የሰውነት ቃል ነው። ግእዙ ለዚያ የአካል ክፍል «ብርክ» ይላል፤ «ተንበረከከ» እና «ብርክ ያዘው» የቀሩልን ከዚያ ነው። አማርኛ ግን የራሱን ቃል ይዞ መታጠፊያውንም ብርታቱንም ባንድ ስም ጠራ። መግፋትና መሳብ ከዚህ የተሻለ ስም የት ያገኛል?

አንዳንዶች በዚህ አይስማሙም። ጉልበት ለኢነርጂ ነው የሚገባው፣ ምክንያቱም ሰው ሲደክመው «ጉልበቴ አለቀ» ይላል፣ የሚያልቀው ደግሞ ኢነርጂ ነው ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የፈረስ ጉልበት የምንለውም ወደ 746 ዋት ስለሆነ ፓወር ነው፤ ይሄም የሚረዳኝ አይደለም። እኔ ግን አልለቅም። ዳገት ላይ የቆመ ሚኒባስ ስንገፋ «ጉልበት ጨምሩ!» ነው የምንባባለው። ሚኒባሱ ንቅንቅ ባይልም ጉልበቱ አለ፤ በፊዚክስ ግን ሚኒባሱ ላይ የተሠራ ሥራ ዜሮ ነው። ይሄንን ልዩነት የ12ኛ ክፍል ልጅ በአንዴ ይይዘዋል።

«የስበት ኃይል» የሚለውን ግን ማስቆም አልቻልንም። ስበት ፎርስ ስለሆነ በእኔ ሕግ «የስበት ጉልበት» መባል ነበረበት፤ ማንም አይለውም። ሕዝቡ የለመደውን ይዞ ሄዷል፣ እኔም ሳልወድ ተቀብያለሁ። ልጆቹን «እዚህ ጋ ኃይል የሚባለው ፎርሱ ነው» ብለው ቢያስጠነቅቋቸው ይበቃል።

ለፓወር «አቅም» ያልኩት ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። ዜና ያዳምጡ፦ የሕዳሴው ግድብ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው ይባላል። ዋት በተጠራበት ሁሉ አቅም አብሮ ይመጣል። ቤትዎም ውስጥ አለ። አቅሙ 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ሳይቋረጥ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ቆጣሪው ላይ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። 3,500ው አቅም ነው፣ 7ቱ የበላው ኃይል ነው። አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል መሆኑን ሲነግሯቸው ቆጣሪውና ደብተሩ ይገናኛሉ። አቅም ከፓወር ይልቅ ለካፓሲቲ ይሻላል የሚል ካለ እሰማዋለሁ፤ የተሻለ ቃል እስኪያመጣ ግን በዚሁ እቀጥላለሁ።

ወደ «ውሁድ» ስመጣ፣ ቃሉን ብዙም አልወደውም። በግእዝ «ውሑድ» ጥቂት ማለት ነው፤ የብዙ ተቃራኒ። «ተዋሕዶ»ን አስበን ነው የተቀበልነው እንዳንል ደግሞ የሃይማኖቱ ትምህርት አጥብቆ የሚለው ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ ነው። በኬሚስትሪ ግን ባሕርይ ይለወጣል። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚቆጣ ለስላሳ ብረት ነው፣ ክሎሪን መርዛማ ጋዝ ነው፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ይሆናሉ። ስለዚህ ቃሉ ከሁለቱም ወገን አይገጥምም። ሆኖም ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተለምዷል፣ «ድብልቅ» ከሚለውም በደንብ ይለያል፤ ጨው ውሁድ ነው፣ ጨውና በርበሬ ድብልቅ ነው። ይጠቀሙበት። ሲጽፉት ግን በሐመሩ ሐ «ውሑድ» ይበሉልኝ፤ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ ዓይኔን ይወጋኛል።