በጥንቱ እንግሊዝኛ ውሎን ስለመተረክ

«ወደ ገበያ የሄድኩበትን ቀን በ1600ዎቹ እንግሊዝኛ ስጽፍ ግሱ ሁሉ ላይ ‹ኤዝ› (-eth) ጨመርኩ፣ ስህተት ነው ተባልኩ» ላልከው፦ እርማቱ ትክክል ነው። «ኤዝ» የሚገባው ለእሱና ለእሷ ብቻ ነው፤ «ሺ ጎኤዝ» ይባላል፣ «አይ ጎኤዝ» አይባልም። ስለ ራስህ ስትተርክ እንደዛሬው «አይ ጎ» በል። ከ«ዛው» (thou፣ አንተ ወይም አንቺ) ጋር ግን «ኤስት» (-est) ነው፦ «ዛው ጎኤስት»፤ «ዛው አርት» (ነህ) እና «ዛው ሃስት» (አለህ) ከደንቡ ይወጣሉ።

ትልቁ ጣጣ ራሱ «ዛው» ነው። ብዙ ሰው የአክብሮት ቃል ይመስለዋል፤ የተገላቢጦሽ ነው። እንደ አንተና አንቺ ለልጅ፣ ለሎሌ፣ ለቅርብ ወዳጅ ይባላል (በጸሎት ለፈጣሪም፣ ልክ እንደኛ)። እርስዎ የሚባለው «ዩ» ነው። ሽንኩርት የሚሸጡልህን አሮጊት «ዛው» ካልካቸው አንቺ እንዳልካቸው ቁጠረው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ለግስ እርባታ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ለአክብሮት ግን አትከተለው፣ ንጉሡንም «ዛው» ይላል።

«ዛው» ተሳቢ ሲሆን «ዚ» (thee) ነው፦ «አይ ሲ ዚ»፣ አይሃለሁ። ለጥያቄ «ዱ»ን ትተህ ግሱን አስቀድም፦ «ጎኤስት ዛው ቱ ማርኬት?» «ዌርፎር» ደግሞ «የት» ሳይሆን «ለምን» ማለት ነው።