ግማሽ ነጥብ የጎደለው ኖርም፦ ስለ ቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ፣ ስለ ግራንድማስተርነት የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የ16 ዓመቱ ልጄ ሬቲንጉ (የጥንካሬው መለኪያ ቁጥር) 2380 ደርሷል። በቅርቡ በ9 ዙር ውድድር ስድስት ነጥብ ተኩል አመጣ፤ ሦስት ግራንድማስተሮችንም ገጥሟል። ዳኛው ግን «ኖርም አልሞላም» አሉት። በሌላ ውድድር በስድስት ነጥብ ኖርም የወሰደ ልጅ በዓይናችን አይተናል። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ዳኛውም አልተሳሳቱም። ኖርም ማለት ለማዕረጉ የሚቆጠር የአንድ ውድድር ውጤት ነው፤ የሚለካውም በነጥቡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ነጥቡ ከእነማን ላይ እንደተገኘም ይታያል። ለግራንድማስተር ኖርም በውድድሩ የሚፈለገው ፐርፎርማንስ ሬቲንግ (በዚያ ውድድር ብቻ የታየው ጥንካሬ) 2600 ነው። በ9 ጨዋታ ይህ እንዲህ ይመነዘራል፦ የተጋጣሚዎች አማካይ ሬቲንግ ከ2380 እስከ 2433 ከሆነ 7 ነጥብ፣ ከ2434 እስከ 2474 ከሆነ ስድስት ተኩል፣ ከ2475 እስከ 2519 ከሆነ 6፣ ከ2520 እስከ 2556 ከሆነ አምስት ተኩል ያስፈልጋል። አማካዩ ከ2380 በታች ከወረደ ዘጠኙንም ቢያሸንፍ ኖርም የለም። የልጅዎ ተጋጣሚዎች አማካይ 2434 ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ በስድስት ነጥብ የወሰደው ልጅ ደግሞ ጠንከር ያሉ ተጋጣሚዎች ደርሰውታል።

ሌሎችም መስፈርቶች አሉ። ከዘጠኙ ተጋጣሚዎች ቢያንስ ሦስቱ ግራንድማስተሮች፣ ቢያንስ አምስቱ ማዕረግ ያላቸው መሆን አለባቸው፤ የካንዲዴት ማስተር ማዕረግ እዚህ አይቆጠርም። ከተጫዋቹ ፌዴሬሽን ውጭ ቢያንስ የሁለት ፌዴሬሽኖች ተጫዋቾች መኖር አለባቸው፤ ብዙ የውጭ ተጫዋቾች በሚሳተፉባቸው ትልልቅ የስዊስ ውድድሮች (በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው በሚገናኙባቸው) ግን ይህ ይላላል። ተጋጣሚ ቀርቶ በፎርፌ የተገኘ ነጥብ ለኖርም አይቆጠርም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ጉዳት የሚመጣው ከአማካዩ ነው። በስዊስ ሥርዓት አንድ ተጫዋች በሦስተኛው ዙር ሲሸነፍ በአራተኛው ደካማ ተጋጣሚ ይደርሰዋል። 2550 ሊገጥም ይችል የነበረው ልጅ 2200 ከገጠመ ልዩነቱ 350 ነው፤ ለ9 ሲካፈል አማካዩን ወደ 39 ያወርደዋል። ከላይ ያለውን ስሌት ካዩት ይህ የግማሽ ነጥብ ያህል ዋጋ አለው። ስለዚህ ያ ሽንፈት ከአንድ ነጥብ በላይ አስከፍሎታል ማለት ነው። ደንቡ የሚያዝነው ለአንድ ተጋጣሚ ብቻ ነው፦ ከሁሉም ዝቅ ያለው ከ2200 በታች ከሆነ በስሌቱ 2200 እንዳለው ተደርጎ ይያዝለታል። ሁለተኛው ደካማ ተጋጣሚ ግን ባለበት ይቆጠራል።

ኖርም ገና ከቤት ሳይወጣ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ውድድሩን ከመመዝገባችሁ በፊት የተሳታፊዎችን ዝርዝር አውጡ፤ ልጁ በሬቲንግ ስንተኛ እንደሚሆን እዩ። ከመሀል በታች ከሆነ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ጠንካራ ሰው ይደርሰዋል፤ ለኖርም የሚመቸውም ይህ ነው። ከላይ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ተጋጣሚው ደካማ ይሆናል። ሌላው አማራጭ ተጋጣሚዎቹ ቀድመው የሚታወቁበት የ10 ሰው ዝግ ውድድር ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ነጥብ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። አብሂማንዩ ሚሽራ በ2021 በ12 ዓመት ከ4 ወር ግራንድማስተር ሆኖ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ሦስቱንም ኖርሞች የሰበሰበው ቡዳፔስት ተቀምጦ በተከታታይ በመጫወት ነው።

ሁለት ዙር ሲቀር ዳኛውን ጠይቁ፦ «ስንት ነጥብ፣ ምን ዓይነት ተጋጣሚ ይቀረዋል?» ኖርሙ ከተገኘ ደግሞ ዋና ዳኛው የፈረሙበትን ሰርተፍኬት ሳትይዙ ከአዳራሹ አትውጡ። የእያንዳንዱን ተጋጣሚ ሬቲንግ፣ ማዕረግና ፌዴሬሽን እዚያው አመሳክሩ። ከወራት በኋላ ስህተት ቢገኝ ማስተካከሉ አበሳ ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ኖርም ከያዝኩ በኋላ ሌላ ምን ይቀረኛል?

መልስ፦ ኖርሞችዎ በድምሩ ቢያንስ 27 ጨዋታ መሸፈን አለባቸው። ከዚያ ሬቲንግዎ 2500 መንካት አለበት። በወርሃዊው የሬቲንግ ዝርዝር ላይ መታተሙ ግዴታ አይደለም፤ በውድድር መሀል ለአንድ ዙር ያህል እንኳ ቢነካ ይበቃል። ማመልከቻውን የሚያስገባው ፌዴሬሽንዎ ነው።

ጥያቄ፦ 2400 ለመድረስ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፎ 2420 ላይ ነኝ። ችሎታዬ እዚህ ላይ አብቅቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ መጀመሪያ ስሌቱን ይመልከቱ። 2400 ሲነኩ የለውጥ መጠንዎ (ውጤትዎ በሬቲንግ ላይ የሚባዛበት ቁጥር) ከ20 ወደ 10 ወርዷል፤ ኋላ ቢወርዱም እዚያው ይቀራል። በ10 መጠን 100 ሬቲንግ ለመጨመር ከሚጠበቅብዎት በላይ 10 ሙሉ ነጥብ ማምጣት አለብዎት። እኩያዎን ሲያሸንፉ የሚያገኙት 5 ነው። በ200 ከሚያንስዎት ሰው ጋር አቻ ከወጡ 2.6 ያጣሉ።

በዚህ ደረጃ ያሉ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ጊዜያቸውን የሚያፈሱት በመክፈቻ ላይ ነው። እኛ ግን በጨዋታው አምስተኛ ሰዓት ላይ የሚጠፋውን ግማሽ ነጥብ እንዲፈትሹ እንመክራለን። ለምሳሌ የሩክ መጨረሻዎችን (ሩክ፣ ንጉሥና ወታደር ብቻ የቀሩባቸውን የጨዋታ ማብቂያዎች) ይውሰዱ። ተቃራኒዎ ሩክና አንድ ወታደር፣ እርስዎ ሩክ ብቻ ቀርቶዎታል እንበል። ንጉሥዎን ከወታደሩ ፊት ያቁሙ፤ ሩክዎን ከራስዎ በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው ረድፍ ላይ አድርገው የአጥቂውን ንጉሥ መግቢያ ይዝጉ። ወታደሩ ራሱ ወደዚያ ረድፍ እስኪገባ ሩኩን ከረድፉ አያንሱት። በገባበት ቅጽበት ወደ ቦርዱ ሌላኛ ጫፍ ያውርዱትና ከኋላ ቼክ ይበሉ (ንጉሡን ያጥቁ)፤ ንጉሡ መሸሸጊያ የለውምና ጨዋታው አቻ ነው። ይህ የፊሊዶር መከላከያ ይባላል። ሰው የሚሳሳተው ትዕግሥቱ አልቆ ቀድሞ ቼክ ሲል ነው፦ ያን ጊዜ ንጉሡ ወታደሩን ቀድሞ ይገባል፣ ወታደሩም ከኋላው ጋሻ ይሆነዋል።

ያለፉትን 50 ጨዋታዎችዎን ያውጡ፤ በእያንዳንዱ ውጤቱ የተበላሸበትን እንቅስቃሴና በዚያ ሰዓት የቀረዎትን ደቂቃ ይጻፉ። ከ5 ደቂቃ በታች ከተደጋገመ ችግሩ የሰዓት አጠቃቀም ነው፤ አዲስ መክፈቻ አይፈታውም።

ጥያቄ፦ ግራንድማስተር በሽልማት ብቻ መኖር ይችላል?

መልስ፦ ጥቂቶች ብቻ። በ2024 ጉኬሽና ዲንግ ሊረን ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገናኙ የሽልማቱ ድምር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለ 2520ው ግራንድማስተር የሚኖርበት ዓለም ግን ሌላ ነው። በኦፕን (ለሁሉም ክፍት በሆነ) ውድድር ላይ ብዙ ጊዜ መመዝገቢያና ማደሪያ በነፃ ያገኛል፤ ሽልማቱ ግን ይሸነሸናል። 3000፣ 2000 እና 1000 ዩሮ የተመደበላቸው ሦስት ሰዎች ነጥባቸው እኩል ከሆነ ለእያንዳንዳቸው 2000 ይደርሳል። በሆርት አከፋፈል ደግሞ ግማሹ በደረጃ፣ ግማሹ በእኩል ይካፈላል፤ 2500፣ 2000 እና 1500 ይሆናል። ከመጨረሻው ዙር በፊት የትኛው እንደሚሠራ ማወቅ አቻ ለመቀበል ወይም ላለመቀበል ይጠቅማል።

የተረጋጋ ገቢ የሚገኘው በክለብ ከመጫወትና ከማሰልጠን ነው። እያንዳንዱ ቡድን በስምንት ቦርድ እንደሚሰለፍበት የጀርመን ቡንደስሊጋ ባሉ ሊጎች ክለቦች ለተጫዋቾች ይከፍላሉ። ማሰልጠን በየወሩ ገንዘብ ያስገባል፤ ግን ለራስ ልምምድ የሚሆነውን ትኩስ ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ገና ሬቲንግ ለማሳደግ የሚታገል ሰው ጠዋቱን ለራሱ ይዞ ተማሪዎቹን ከሰዓት በኋላ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ሬቲንግ ሲወርድ ማዕረጉ ይነጠቃል?

መልስ፦ አይነጠቅም። በ1950 ለ27 ተጫዋቾች በይፋ ከተሰጠበት ጊዜ ጀምሮ ማዕረጉ የዕድሜ ልክ ነው፤ 2300 ቢወርዱም ግራንድማስተር ነዎት። የሚነጠቀው በማጭበርበር ነው። በ2019 በውድድር መሀል ስልክ ሲጠቀም የተያዘ ግራንድማስተር ማዕረጉን ተነጥቆ ለ6 ዓመት ታግዷል። ወደ መጫወቻው አዳራሽ ስትገቡ ስልካችሁን ለዳኛው አስረክቡ፤ የተዘጋ ስልክ እንኳ ኪስ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ጨዋታውን ሊያስሸንፋችሁ ይችላል።