70 ኪሎ ቀንሼ ሰዓቱ ለምን አልወረደም?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «የ2005 ሙስታንግ ጂቲ አለኝ። የኋላ ወንበሩን፣ ስኮርታውን፣ ክሪኩንና ምንጣፉን አውጥቼ 70 ኪሎ ያህል አቀለልኩት። በድራግ ውድድር (ከቆመበት ተነስቶ ቀጥ ብሎ በሚሮጥበት) ሩብ ማይሉን የምጨርስበት ሰዓት ግን ከ14.10 ወደ 14.05 ሰከንድ ብቻ ወረደ። ልፋቴ በከንቱ ነው?»

ወንድሜ፣ በከንቱ አይደለም። በላክኸው የሰዓት ወረቀት ላይ የማብቂያ ፍጥነትህ ከ98 ወደ 99.4 ማይል ወጥቷል። ሞተሩን ሳትነካ ይህ የመጣው መኪናው በእርግጥ ስለቀለለ ነው። ችግሩ ከላይኛው መስመር ላይ አለ፦ የመጀመሪያው 60 ጫማ፣ 18 ሜትር ገደማ፣ ከ2.05 ወደ 2.15 ሰከንድ ተበላሽቷል።

ሰዓት እንደ ክብደቱ እኩል አይወርድም፤ ሲሶውን ያህል ነው። አንተን ጨምሮ 1,680 ኪሎ ገደማ ከሚመዝን መኪና 70 ኪሎ 4 ከመቶ ነው፤ ሰዓቱ 1.4 ከመቶ፣ ማለትም 0.2 ሰከንድ መውረድ ነበረበት። መነሻ ላይ የጠፋች አንድ አሥረኛ ሰከንድ ደግሞ ማብቂያው ላይ 0.15 ገደማ ሆና ትጠብቅሃለች። የተረፈችህ ያቺ 0.05 ናት።

ሙስታንግ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው፤ አንተ ደግሞ ያወጣኸው በአብዛኛው ከኋላ ነው። በተለይ ስኮርታው ከኋላ አክሱ ወዲያ ስለሚቀመጥ ከራሱ ክብደት በላይ ጎማውን ይጫን ነበር። እሱ ሲወጣ ጎማው መሬቱን መቆንጠጥ አቅቶት ባለበት ይሽከረከራል።

ስለዚህ አሁን ከፊት ቀንስ። መጀመሪያ የማደርገው ባትሪውን ከሞተሩ ክፍል አውጥቼ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ቀኝ ጥግ ማሰር ነው። ቀኙን የምመርጠው የዚህ መኪና የኋላ አክስ ወጥ ስለሆነ መነሻ ላይ የቀኙ ጎማ ስለሚቀልበት ነው። ወፍራም ገመድና ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አይቅር፤ በኤንኤችአርኤ (የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር) ደንብ ባትሪው ከተዛወረ ከመኪናው ውጭ፣ ከኋላ በኩል ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማጥፊያ ግዴታ ነው። ቀለል ያለ ቸርኬም ይረዳል፤ የሚሽከረከር ክብደት ከተቀመጠ ክብደት ይልቅ ሞተሩን ያደክመዋል። የኋላ ጎማህን አየር ወደ 26 ፒኤስአይ አውርደህ ሞክር፤ ወደ ቤት ከመመለስህ በፊት ግን መልሰህ ሙላው።

ኤርባግና የደህንነት ቀበቶ፣ በበሩ ውስጥ ያለውም የብረት መከላከያ ጭምር፣ አይነኩም። ብዙ ልጆች «ጥቂት ኪሎ ነው» እያሉ ሲያወጡት አያለሁ፤ እኔ ግን ጋራዤ ውስጥ አላወጣም።

ነዳጅን በተመለከተ ሩብ ታንክ ይበቃል። ከዚያ ካነሰ መኪናው ሲፈነጠር ነዳጁ ከፓምፑ ሊሸሽ ይችላል።

ይህን ስታደርግ 13 ሰከንድ ውስጥ መግባትህ አይቀርም። በ13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ለሚጨርስ ሄልሜት ግዴታ ነውና ከቀጣዩ የውድድር ቀን በፊት ግዛ።