ከሕመም ፈቃድ በኋላ ሥራ መልቀቅ ውለታ መብላት ነው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ባለፈው ዓመት እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ከአቅሜ በላይ ሲሆንብኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ የድብርት ሕመም እንዳለብኝ ተነግሮኝም በሐኪም ማስረጃ የሁለት ወር ፈቃድ ወሰድኩ። የቅርብ አለቃዬ ሥራዬን ለባልደረቦቼ አከፋፍለው፣ ወሬ እንዳይበዛም ተከላክለው ቦታዬን ጠበቁልኝ። ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፣ ጤናዬም ደኅና ነው። ሆኖም በዚህ ሥራ መቀጠል እንደማልፈልግ እርግጠኛ ሆኛለሁ። መልቀቂያዬን ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ግን «ያን ሁሉ ካደረግንለት በኋላ ጥሎን ሄደ» መባሉ ያስፈራኛል። በደብዳቤው ላይ ሕመሜን መጥቀስ ይኖርብኛል? ሳልቀያየም መውጣት የምችለውስ እንዴት ነው?
ደብዳቤው ያስጨነቀኝ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አለቃዎ አደረጉልዎት ያሏቸውን ነገሮች መጀመሪያ በሁለት ከፍለው ይመልከቷቸው። በሐኪም ማስረጃ የወሰዱት ፈቃድ መብትዎ እንጂ ስጦታ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ቁጥር 158 ስምምነት በስድስተኛው አንቀጹ፣ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረቱ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። ስምምነቱን ያላጸደቁ አገሮች ብዙ ናቸው፤ መርሑ ግን ታሞ የተመለሰ ሰው የአሠሪው ባለዕዳ እንዳልሆነ በግልጽ ያሳያል። ወሬውን መከላከላቸውና በመልካም ፊት መቀበላቸው ግን የአለቃዎ የግል ደግነት ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ምስጋናው ግን የማይፈልጉትን ሥራ እየሠሩ በመቆየት የሚከፈል አይደለም።

ስለ ጥፋተኝነት ስሜቱም አንድ ነገር ልበል። ከመጠን ያለፈ ራስን መውቀስ ሐኪሞች ድብርትን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ለዚህም ነው ሕመሙ በበረታበት ወቅት ትልልቅ ውሳኔዎችን ማዘግየት የሚመከረው። እርስዎ ወራት ቆይተው፣ ተረጋግተው የወሰኑ ይመስላሉና ይህን የማነሣው ውሳኔዎን ለማጣጣል አይደለም፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ከማስገባትዎ በፊት ሐሳቡን ከሐኪምዎ ጋር ቢመክሩበት መልካም ነው። ሊለዩት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ውስጥ፣ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣውን መታከት ያሰፈረው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ ነው። ያስመረረዎት የሥራው ብዛት ወይም ሰዓቱ ብቻ ከሆነ ከአለቃዎ ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ይቻል ይሆናል፤ ሥራው ራሱ ካልሆነልዎት ግን ድርድሩ መውጫዎን ከማራዘም ያለፈ ጥቅም የለውም።

ለማንም ከመናገርዎ በፊት የሥራ ውልዎንና የድርጅቱን መተዳደሪያ ደንብ በጸጥታ ያንብቡ። የቅድሚያ ማስጠንቀቂያው ጊዜ ስንት ነው? ያልተጠቀሙበት የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ይታሰባል? በፈቃዱ ወቅት የተከፈለዎት ገንዘብ ከተመለሱ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የመሥራት ግዴታ አለበት? አንዳንድ ድርጅቶች እንዲህ ያለ አንቀጽ ያስገባሉ፤ ሰዎችም የሚያዩት ከፈረሙ በኋላ ነው። ሕክምናዎ በድርጅቱ መድን የሚሸፈን ከሆነ ሽፋኑ የሚያበቃበትን ቀን ይወቁ፤ በዚህ ምክንያት መድኃኒት ወይም ክትትል ማቋረጥ የለብዎትም።

ዜናውን ቀድመው መስማት ያለባቸው አለቃዎ ናቸው፤ ያውም ከእርስዎ አንደበት፣ ለብቻቸው። ከሰው ሀብት ክፍል ወይም ከባልደረባ ቢሰሙት ቅር የሚያሰኛቸው ከመልቀቅዎ ይልቅ መንገዱ ይሆናል። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ ለመልቀቅ እንደወሰኑ፣ የመጨረሻ ቀንዎ መቼ እንደሆነ፣ በታመሙ ጊዜ ያደረጉልዎትን እንደማይረሱት። እዚህ ላይ ሕመሙን ማንሣቱ ተገቢ ነው፤ እሳቸው ታሪኩን ያውቁታል፣ የሚያመሰግኑትም ስለዚያ ነው።

በደብዳቤው ላይ ግን አይጥቀሱት። ደብዳቤው በግል ማኅደርዎ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዛሬ እርስዎን የሚያውቁት ሁሉ ከሄዱ በኋላ የሚመጣ የማያውቁት ሰው ሊያነበው ይችላል። የጤና ጉዳይዎን ለማን እንደሚናገሩ የመምረጥ መብቱ የእርስዎ ሆኖ ሳለ በጽሑፍ አሳልፎ መስጠት ምን ይጠቅማል? በሌላ በኩል «በቤተሰብ ጉዳይ» የሚለውን የተለመደ ሰበብም አልወደውም፤ ውሎ አድሮ ይገለጣል፣ ያተረፉትን መልካም ግንኙነትም ያበላሻል። ምክንያት መዘርዘር የማያስፈልግ ከሆነ እንዲህ ያለው ይበቃል፦ «ከ(የሚለቁበት ቀን) ጀምሮ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የምለቅ መሆኑን እየገለጽኩ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ የሥራ ርክክቡን አሟልቼ እንደምፈጽም አረጋግጣለሁ። በቆይታዬ ስለተደረገልኝ ትብብር ከልብ አመሰግናለሁ።»

መልካም ስንብት በዋነኛነት የሚለካው በርክክቡ ነው። በቀሩባቸው ወራት ሸክምዎን የተሸከሙት ባልደረቦችዎ ናቸውና ዳግመኛ ድንገት እንዳይጫንባቸው ያስቡላቸው። የሚለቁበትን ቀን ከወር መዝጊያ በኋላ ያድርጉት፤ ያልታረቁ ሒሳቦችን፣ የሚጠበቁ ክፍያዎችንና የሰነዶቹን ቦታ በጽሑፍ ያስረክቡ፤ ሊተካዎት የሚችል ሰው ካለም አንድ ወር መዝጊያ አብረውት ይሥሩ። የጥፋተኝነቱን ስሜት ለማካካስ ሲሉ ግን በማስጠንቀቂያው ጊዜ ሌሊቱን ሁሉ አይሥሩ። እንቅልፍ ማጣት አንዴ ወዴት እንደወሰደዎት ያውቁታል።

አለቃዎ «ሕመሙ ተነሣብህ እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ አሳቢነታቸውን ተቀብለው «ደኅና ነኝ፣ የሥራ አቅጣጫዬን መለወጥ ፈልጌ ነው» ማለት ይችላሉ። ደመወዝ ጨምረው እንዲቆዩ ቢጠይቁም መልሱን አስቀድመው ይወስኑ፤ በስብሰባ መሃል የሚሰጥ መልስ ከውለታ ስሜት የጸዳ አይሆንም። ምናልባትም ለጥቂት ቀናት ፊታቸው ይቀዘቅዝ ይሆናል። ያን ማስቀረት የእርስዎ ኃላፊነት አይደለም፤ ለማቅለል ብለውም ስለ ሕመሙ አዲስ ማብራሪያ አይጨምሩ።

ከመውጣትዎ በፊት ክሊራንሱን ጨርሰው የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ይቀበሉ፤ የተቀጠሩበትና የለቀቁበት ቀን፣ የሥራ መደቡም በትክክል መጻፉን፣ ስለ ፈቃዱ አላስፈላጊ አስተያየት አለመግባቱንም እዚያው ሆነው ያረጋግጡ። አለቃዎ ለወደፊት ምስክር ሊሆኑልዎት ፈቃደኛ እንደሆኑም ይጠይቋቸው፤ ከተስማሙ ስለ ሥራዎ እንጂ ስለ ጤናዎ እንዳይናገሩ ማሳሰብ ነውር የለውም።