እናትሽን ሥራ ቦታ ሆነሽ ስለመከታተል ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «እናቴ ስትሮክ መቷት ግማሽ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ እኔ ሥራ ስለምውል ስኳሯን ከርቀት ለመከታተል ክንድ ላይ የሚለጠፈውን ሰንሰር ልግዛ ወይ» ላልሽው፣ እኔም ስኳር ያለበትንና ስትሮክ የመታውን አባቴን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አስቀምጬ መርካቶ ነው የምውለው፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ፍሪስታይል ሊብሬ የሚባለውን ሰንሰር ዘመድ ከውጭ ልኮልን ሞክረነዋል፣ አንዱ 14 ቀን ነው የሚሠራው፣ ቁጥሩ እኔ ስልክ ላይ ይመጣል ግን የሱ ስልክ አጠገቡ ካልሆነ ወይ ኔትዎርክ ከጠፋ ምንም የለም። በተለጠፈበት ክንድ ከተኛበት ደግሞ ስኳሩ ሳይወርድ ወረደ ይላል፣ እንደ አባቴ በራሱ መገላበጥ ለማይችል ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሲያልቅ መግዛቱን አልቻልነውም።

አሁን ጣት ተወግቶ በሚለካው ተራ ማሽን ነው። የአክስቴ ልጅ ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከእራት በፊት ትለካና የማሽኑን ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ በቃል አልቀበላትም ምክንያቱም አንዴ 251ን 151 ብላኛለች። ከሥሩ ምን እንደበላና ኢንሱሊኑን መቼ እንደተወጋ ትጽፋለች። ጣቱን ከደህናው እጁ ነው የምትወጋው፣ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ ብርቱካን የነካ ጣት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ግን ዋናው የምልሽ ይሄ ነው፣ የስኳሩን መውረድ ፍሪ። ባለፈው ክረምት አፉ ተጣመመ ምላሱ ተሳሰረ ብላ እያለቀሰች ደወለች፣ ሁላችንም ሁለተኛ ስትሮክ ነው ብለን በዛ ጭቃ መኪና ስንፈልግ ቆይተን ክሊኒክ ሲለካ 48! ለካ ኢንሱሊኑን ተወግቶ ቁርሱን ሁለት ጉርሻ ብቻ ነው የበላው። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሲሰጡት ንግግሩ ተመለሰ። ማሽኑ እኮ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ማናችንም ለኪው አላልናትም፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ መኪና እየተጠራም ቢሆን መጀመሪያ ይለካ። ከ70 በታች ከሆነና ነቅታ በደንብ የምትውጥ ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጧት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ይለካ። ከደነዘዘች ወይ ሲውጡ ከሚያንቃቸው ከሆነች ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፣ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ቀጥታ ሆስፒታል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ አፏ ከተጣመመም እንደዛው፣ ስትሮክ ስለሚሆን ደቂቃ አይባክን። እኛ በየትኛው ቁጥር ምን እንደሚደረግ ሐኪሙን አጽፈን ፍሪጁ ላይ ለጥፈነዋል፣ ከማንኛውም አፕ በላይ የጠቀመን እሱ ወረቀት ነው።

የምትወስደው ኢንሱሊን ነው ኪኒን? ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ኪኒን ከሆነ ከተስተካከለ በኋላም ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል አንዴ ከፍ አለ ብላችሁ ትታችኋት እንዳትሄዱ፣ እስቲ ጻፊልኝ።