ጋራዥ በነበረ ግቢ ጎመን መትከል ይቻላል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጣጣ ትዝ አለኝ። «ድሮ ጋራዥ የነበረ ግቢ ተከራይተናል፤ አፈሩ ጠቆር ያለ ነው፣ ሽታ ግን የለውም፤ ጎመንና ካሮት ብንዘራበት ችግር አለው?» ነው ያልሽው። አለው። መላም አለው።

የእኛ አከራይ «ጥቁር የሆነው ለም ስለሆነ ነው» ብሎን አምነነው ነበር። ክረምት ሲገባ ዶማ አነሳሁ። አንድ ስንዝር ያህል እንደወረድኩ አፈሩ ዶማው ላይ ይለጠፍ ጀመር። ጨብጬ ሳሸው መዳፌ ጠቆረ፤ በሳሙና ታጥቤም ጥፍሬ ሥር ቀረ። ውሃ ባፈስበት አልሰርግ ብሎ ላዩ ላይ ተንከባለለ። ለካ ለዓመታት የተቃጠለ ዘይት ሲደፋበት የኖረ ቦታ ነው።

«ሽታ የለውም» ያልሽው ነገር እኔንም ሸውዶኛል። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን፣ ባጭሩ ፒኤኤች የሚባሉ ነገሮች አሉ። የካርቦን ቀለበቶች ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። ዘይቱ ሞተር ውስጥ ሲሠራ በከረመ ቁጥር ይጠራቀማሉ። ባለ 2 ቀለበቱን ታውቂዋለሽ፤ ብል እንዳይበላው ልብስ መሃል የምንከተው ናፍታሊን ነው። እሱ ይሸታል፣ ይተናል፣ ቶሎ ይሄዳል። ባለ 5 ቀለበቱ ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ግን ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ አፈሩ ላይ ሙጭጭ ብሎ ለዓመታት ይቆያል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ ከመደባቸው አንዱ ነው። ሽታው ሲጠፋ ቀላሎቹ ሄደው ከባዶቹ ቀርተው ሊሆን ይችላል።

ጎመን ከባዶቹን በሥሩ ብዙም አይስባቸውም። ዝናብ ሲመታ ቅጠሉ ላይ የሚረጨው አፈር ነው ችግሩ፤ ደህና አድርገሽ እጠቢው። ካሮት ይብሳል፤ ልጣጩ ላይ ይይዛል። ከሁሉም በላይ ግን አፈር ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ካለሽ፣ ጎመኑን ተዪውና መጀመሪያ እሱን አስቢ።

ለማስመርመር ሞክሬ ነበር። አንድ ላብራቶሪ ሄጄ «ፒኤኤች» ብል «ፒኤች» መስሏቸው የአሲድነቱን ውጤት ሰጡኝ። አትሳቂ፣ ከፍያለሁ! ስትሄጂ ስሙን ጽፈሽ ያዢ፤ ባትሪ የሚጠገንበት ከነበረ ደግሞ እርሳስም ይታይልሽ።

ጎረቤት «በኦሞ እጠቡት» አለን፤ ያ ዘይቱን ወደ ታች ከመግፋት ሌላ ምን ይጠቅማል? ሌላው «እሳት ልቀቁበት» አለ። ፒኤኤች እኮ የሚፈጠረው በደንብ ሳይነድ ከሚጨስ እሳት ነው። ሕዳር ሲታጠን ጎማና ፕላስቲክ የተቃጠለበትን አመድ ጓሮ የምትደፉ ሰዎችም ተዉ።

እኛ ዘይት የጠገበውን ቦታ ሲሚንቶ አለበስነው፤ አሁን መኪና ይቆምበታል። ጎመኑን ከሌላ ቦታ ባስመጣነው ቀይ አፈርና ፍግ፣ በጆንያ ተከልነው። የቀረውን ግቢ ኮምፖስት እየጨመርን እናገላብጠዋለን፤ ፒኤኤችን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አየር ይወዳሉ። ሁለት ዓመት ሆነን። ቀለሙ ተሻሽሏል፤ ካሮት ግን እስካሁን አልደፈርኩም።

አንቺም ከመቆፈርሽ በፊት የሰፈሩን ሰው ጠይቂ፦ ዘይት የሚቀየርበት ጉድጓድ የት ጋ ነበር? አንዳንዴ በአፈር ደፍነውት ነው የሚሄዱት።